ያማሃ ዲኤክስ7፦ ስለ አንጋፋው ዲጂታል ሲንተሳይዘር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዲኤክስ7 ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲኤክስ7 ምንድን ነው?

የጃፓኑ ያማሃ በ1983 ገበያ ላይ ያወጣው ዲጂታል ሲንተሳይዘር ነው፤ ማለትም ድምፅን በቁጥር አስልቶ የሚፈጥር ኪቦርድ። 61 ቁልፍ አለው። በአንድ ጊዜ 16 ኖታ ያሰማል። በሆዱ 32 ድምፅ ይይዛል፤ ካርትሪጅ (ድምፅ የያዘ ተሰኪ ሣጥን) ሲሰካበት ሌላ ይጨምራል። መልኩ ጥቁር ቡናማ ነው። ፊቱ ላይ ጠፍጣፋ በተኖችና አንድ ትንሽ ስክሪን አሉ። ድምፁን የምትቀይሩበት ማዞሪያ ግን አንድም የለም።

ዲጂታል ሲንተሳይዘር ከሱ በፊትም ነበር። ግን በጣም ውድ ስለነበር ከትልልቅ ስቱዲዮዎችና ከዩኒቨርሲቲዎች አይወጣም ነበር። ዲኤክስ7 ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 1,995 ዶላር ተባለ። በዚያ ጊዜ ኪቦርዲስቱ ሁሉ የሚመኛቸው አናሎጎች (በቁጥር ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞገድ ድምፅ የሚሠሩት)፣ ፕሮፌት 5 እና ጁፒተር 8፣ ከ4,000 ዶላር በላይ ነበሩ። የሚያሰሙትም አንዱ 5፣ ሌላው 8 ኖታ ብቻ ነው። ሰው ተሻማበት። ከ150,000 በላይ ተሽጧል።

40 ዓመት ያለፈው ዕቃ እስከ ዛሬ የሚወደደው ለምንድን ነው? ናፍቆት ነው?

ናፍቆቱ አለበት። ግን በናፍቆት ብቻ አላምንም። ዲኤክስ7 ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ቁጭ ብለው ሲነኩት አይቻለሁ። ሁለት ሦስት ኮርድ እንደመቱ ፊታቸው ይበራል። እነሱ ከ1980ዎቹ የሚናፍቁት ነገር የላቸውም።

እኔ ምክንያቱ ጣት ላይ ነው እላለሁ። በብዙ ኪቦርዶች ቁልፉን ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ድምፁ ከመጮህ በቀር ብዙም አይለወጥም። ዲኤክስ7 ላይ ግን የድምፁ ባሕርይ አብሮ ይለወጣል። ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ክብ፣ ለስላሳ፣ ወደ ዋሽንት የሚጠጋ ድምፅ ይወጣል። ትንሽ ጠበቅ ስታደርጉት ብረት ብረት ማለት ይጀምራል። በደንብ ስትመቱት ይጮኻል፣ ይነክሳል። እነዚህ ሦስቱ ለየብቻ ተቀድተው የተቀመጡ ድምፆች አይደሉም። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታልፉት ያለ ምንም ደረጃ ነው፤ መሐል ላይ ያለውን ሁሉ በጣታችሁ ታገኙታላችሁ። ዋሽንት ነፊ በትንፋሹ፣ ክራር ደርዳሪ በጣቱ የሚያደርገውን ነገር ይህ ዲጂታል ሣጥን በቁጥር ያደርገዋል።

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ነጥብ ላይ ይመጣሉ። ዲኤክስ7ን ለመረዳት የምፈልግበት መንገድ ይሄው ስለሆነ ነው።

ኤፍኤም የሚባለው ነገር ከሬዲዮው ኤፍኤም ጋር አንድ ነው?

ኤፍኤም ዲኤክስ7 ድምፅ የሚፈጥርበት ዘዴ ነው። ሒሳቡ ከሬዲዮው ጋር አንድ ነው፤ አጠቃቀሙ ይለያል። ሬዲዮ ላይ ድምፅን ለማጓጓዝ ያገለግላል። እዚህ ግን ድምፅን ለመፍጠር ነው።

እንዲህ አስቡት። ዘፋኝ አንድ ኖታ ይዞ ድምፁን ሲያርገበግብ በሰከንድ 5 ወይም 6 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጆሯችን መርገብገቡን ይከተለዋል። አሁን ያንን መርገብገብ አፍጥኑት። በሰከንድ 20፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 400 አድርሱት። ጆሮ መከተል ያቅተዋል። መርገብገቡ ይጠፋና በቦታው አዲስ የድምፅ ቀለም ይመጣል። ሁለት ቀላል ሞገዶች ብቻ ይዛችሁ ናስ፣ ደወል፣ እንጨት፣ ክር የመሰለ ድምፅ ታገኛላችሁ።

የሚሰማው ሞገድ ካሪየር ይባላል። የሚያርገበግበው ሞዱሌተር ነው። ሞዱሌተሩ ራሱ አይሰማም፤ የሚሰማውን ብቻ ይቀይራል። የሁለቱ የፍጥነት ንጽጽር የድምፁን ዘር ይወስናል። ሞዱሌተሩ ከካሪየሩ እኩል ሲሮጥ ሙሉ፣ ናስ ናስ የሚል ድምፅ ይወጣል። ሁለት እጥፍ ሲሮጥ እንደ ክላርኔት ባዶ ባዶ ይላል። 3.5 እጥፍ ሲሆን ደግሞ ደወል ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚፈጠሩት ንዑስ ድምፆች ከመሠረቱ ኖታ ጋር በሙሉ ቁጥር አይገጥሙም። እውነተኛ ደወልም ባሕርዩ እንደዚያው ነው።

ይህን ማን አገኘው?

ጆን ቻውኒንግ ነው። አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የሙዚቃ ቀማሪ ነበር፤ ኢንጂነር አልነበረም። በ1967 ኮምፒውተር ላይ መርገብገብን ከልክ በላይ እያፈጠነ ሲሞክር በጆሮው ደረሰበት። ጥናቱን በ1973 አሳተመ።

ዩኒቨርሲቲው ግኝቱን መጀመሪያ ለአሜሪካ የኦርጋን አምራቾች አቀረበ። ጥቅሙ አልታያቸውም። የያማሃው ኢንጂነር ካዙኪዮ ኢሺሙራ ግን ወዲያው ገባው። ስምምነቱ ተፈረመ። ከዚያም ያማሃ ዓመታት ፈጅቶ ሒሳቡን ቺፕ ውስጥ ከተተው። ፓተንቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ለስታንፎርድ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህ ሁሉ የመጣው አንድ ሙዚቀኛ የሰማውን እንግዳ ድምፅ ችላ ብሎ ስላላለፈው ነው። ታሪኩን ባነሣሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ኦፕሬተር እና አልጎሪዝም ምን ማለት ናቸው?

ኦፕሬተር አንድ ንጹሕ ሳይን ሞገድ (እጅግ ቀላሉ የድምፅ ሞገድ) ነው፤ ከራሱ ኤንቨሎፕ ጋር። ኤንቨሎፕ ማለት ድምፁ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንደሚቆይና እንደሚሞት የሚወስነው መስመር ነው። ዲኤክስ7 ለእያንዳንዱ ኖታ 6 ኦፕሬተር አለው። 16 ኖታ ስለሚያሰማ በጠቅላላው 96 መሆኑ ነው።

አልጎሪዝም ደግሞ እነዚህ 6 ኦፕሬተሮች ማን ማንን ያርገበግባል የሚለው አሰላለፍ ነው። 32 አሰላለፎች አሉ፤ ሥዕላቸውም ክዳኑ ላይ ታትሟል። ለምሳሌ አልጎሪዝም 5 ሦስት ጥንዶች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ሞዱሌተር፣ አንዱ ካሪየር ነው። አልጎሪዝም 32 ላይ ስድስቱም በቀጥታ ይሰማሉ፤ ለኦርጋን ይመቻል።

ያ ታዋቂው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ከምን ተሠራ?

ስሙ ኢ ፒያኖ 1 ነው። በ1980ዎቹ የነበሩ ቀስ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ላይ ያለማቋረጥ ትሰሙታላችሁ። የተሠራው በአልጎሪዝም 5 ነው።

ከጥንዶቹ አንዱ ላይ ሞዱሌተሩ ከካሪየሩ 14 እጥፍ ይሮጣል። ቁልፉን ስትመቱ መጀመሪያ ላይ የምትሰሟት ቲንግ የምትል የብርጭቆ ድምፅ እሷ ናት። ወዲያው ትሞታለች። ከሥሯ ያለው ለስላሳ አካል ግን ይቀጥላል። ጠንከር ስትሉ ቲንጓ ትጎላለች፤ ቀስ ስትሉ ጭራሽ ትጠፋለች። ለዚህ ነው ሁሌ ያው አንድ ድምፅ ሆኖ ሳለ በተለያየ ሰው እጅ የተለያየ የሚመስለው። የፋብሪካውን ድምፆች ከሠሩት ባለሙያዎች መካከል ዴቭ ብሪስቶ እና ጋሪ ሉወንበርገር ይጠቀሳሉ። ሁለቱም ራሳቸው ኪቦርድ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ሥራቸው ላይም ይሰማል።

ዲጂታል ስለሆነ ድምፁ ቀዝቃዛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ቀዝቃዛ ማድረግ ይቻላል። ብርጭቆ፣ ብረት፣ በረዶ የመሰለ ድምፅ ከፈለጋችሁ ከሱ የሚሻል የለም። ግን ወቀሳው በብዛት የመጣው ከሌላ ነገር ይመስለኛል። አናሎግ ሲንተሳይዘር ሲሞቅ ቅኝቱ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ጆሮ ያንን ሙቀት ይለዋል። ዲኤክስ7 ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሞዴል መውጫው አንድ ሞኖ ብቻ ነው፤ ውስጡ ሪቨርብም (ማስተጋቢያ) ኮረስም (ድምፅ ማወፈሪያ) የለውም። እንዲሁ ደረቁን ቀጥታ ስፒከር ላይ ሰክታችሁ ከሰማችሁት ደረቅ ነው፤ አልዋሽም።

ትንሽ ኮረስና ትንሽ ሪቨርብ ጨምሩበት። በስቱዲዮ የተቀዳው ዲኤክስ7 አብዛኛው እንዲያ ተደርጎ ነው ጆሯችን የደረሰው።

አዲስ ድምፅ መፍጠር ከባድ ነው የሚባለውስ?

መሣሪያው ላይ ራሱ ከባድ ነው። እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። አንድ ተንሸራታች፣ አንድ ትንሽ ስክሪን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ። ስክሪኑ የጀርባ መብራት እንኳ የለውም። አናሎግ ላይ ማዞሪያውን ስትነኩ ውጤቱን ትገምታላችሁ። እዚህ ግን አንድ ቁጥር ከ75 ወደ 85 ስትሉ ድምፁ ሌላ ዓለም ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሙዚቀኛ በፋብሪካው ድምፆች የረጋው ለዚህ ነው። እንግሊዛዊውን ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖን የመሳሰሉ ጥቂቶች ግን ጠለቅ ብለው ገብተው የራሳቸውን ዓለም ሠሩበት።

ሐሳቡ ግን ከባድ አይደለም። በባዶ ድምፅ ጀምሩ፤ መሣሪያው ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ትእዛዝ አለው። አልጎሪዝም 1 ላይ ኦፕሬተር 1 ብቻውን ይሰማል። አሁን ኦፕሬተር 2ን ከ0 ቀስ እያላችሁ ወደ 80 አምጡት። ንጹሑ ሳይን ሞገድ ዓይናችሁ እያየ ሲወፍርና ሲበራ ትሰማላችሁ። ከዚያ የኦፕሬተር 2ን ፍጥነት 2 አድርጉት፤ ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 14። ለእያንዳንዱ ቁጥር ቆም ብላችሁ ስሙ። በመጨረሻ ኦፕሬተር 2 ለምት የሚሰጠውን ምላሽ ከ0 ወደ 5 ከፍ አድርጉና ቁልፉን ቀስም ጠንከርም እያላችሁ ምቱ። ድምፁ በጣታችሁ መታዘዝ ይጀምራል። ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ግን ከብዙ ንባብ ይበልጣል።

ሌላው ጥሩ መንገድ የምትወዱትን የፋብሪካ ድምፅ መፍታት ነው። በኤዲት ሞድ ከ1 እስከ 6 ያሉት በተኖች ኦፕሬተሮቹን ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። ስክሪኑ ላይ 111111 የሚለው ቁጥር ይህንን ነው የሚያሳየው። አንድ በአንድ አጥፉና ምን እንደጎደለ ስሙ። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው።

በአንድ ወቅት ማንም የማይፈልገው ሆኖ ነበር። ለምን?

ሰው ሰለቸው። በየዘፈኑ፣ በየማስታወቂያው ያው ፒያኖ፣ ያው ቤዝ፣ ያው ደወል። በዚያ ላይ በ1987 ሮላንድ ዲ50፣ በ1988 ኮርግ ኤም1 የሚባሉ ሲንተሳይዘሮች መጡ። እነሱ ውስጣቸው ሪቨርብ አላቸው፤ ድምፃቸውም በተቀዳ እውነተኛ ድምፅ ይጀምራል። ወዲያው ሲነኩ ያምሩ ነበር።

ኤፍኤም ግን አልሞተም። በኮምፒውተር የድምፅ ካርዶችና በሴጋ ሜጋ ድራይቭ የጨዋታ መሣሪያ ውስጥ በያማሃ ቺፖች መኖሩን ቀጠለ። ብዙ የዛሬ ሙዚቀኛ ኤፍኤምን በመጀመሪያ የሰማው በጌም ነው፤ ሳያውቀው።

ዲኤክስ7፣ ዲኤክስ7 ሁለት፣ ዲኤክስ9፣ ዲኤክስ21፣ ዲኤክስ100... ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዋናው ልዩነት የኦፕሬተር ብዛት ነው። ዲኤክስ7፣ ዲኤክስ5 እና ዲኤክስ1 ባለ 6 ናቸው። ዲኤክስ9፣ ዲኤክስ21፣ ዲኤክስ27 እና ዲኤክስ100 ባለ 4 ናቸው። የባለ 6 ድምፅ ባለ 4 ላይ አይገባም። ባለ 4ቱ ግን የራሳቸው ውበት አላቸው፤ በተለይ ለቤዝ።

ሁለተኛው ትውልድ፣ ዲኤክስ7 ሁለት፣ በ1987 መጣ። ሁለት ድምፅ መደራረብ ወይም ኪቦርዱን ለሁለት መክፈል ያስችላል። ድምፁም የጠራ ነው። ለመድረክ ሥራ እሱን እመርጣለሁ። ለቀረጻ ግን የመጀመሪያውን፤ ምክንያቱን ከታች ሹ ስለሚለው ድምፅ ስናወራ ታገኙታላችሁ።

ነጻ ሶፍትዌር እያለ እውነተኛውን መግዛት ያስፈልጋል?

ለብዙ ሰው አያስፈልግም። ዴክስድ የሚባለው ነጻ ፕለጊን (በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) የዲኤክስ7ን ድምፆች በቀጥታ ይጭናል፤ ስድስቱንም ኦፕሬተር በአንድ ገጽ ያሳያል። ለመማር ከእውነተኛው ይሻላል። የአርቱሪያው ዲኤክስ7 ቪም አለ፤ እሱ የሚከፈልበት ነው። ዕቃ ከፈለጋችሁ ኮርግ በ2016 ያወጣው ትንሿ ቮልካ ኤፍኤም የዲኤክስ7ን ድምፆች ትቀበላለች። ያማሃ ራሱ ሞንታጅ በተባለው ሲንተሳይዘሩ ውስጥ ባለ 8 ኦፕሬተር ኤፍኤም አስገብቷል።

ታዲያ እኔ እውነተኛውን ለምን አልሸጥም? ስለ ኪቦርዱ ነው። ቁልፎቹ ከብዙ የዛሬ ኪቦርዶች ቁልፍ ይበልጥ ደስ ይላሉ። ድምፆቹም የተሠሩት በነዚያው ቁልፎች ላይ እየተሞከሩ ነው። ጣትና ድምፅ አብረው የተወለዱ ናቸው ማለት ነው። ሌላው ምክንያት ስንፍናን አለማስተናገዱ ነው። 32 ድምፅ ብቻ ሲኖራችሁ መምረጥ ትታችሁ መጫወት ትጀምራላችሁ።

ያገለገለ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት ነው። 220 ላይ ቀጥታ ከሰካችሁት ታቃጥሉታላችሁ። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ 61ዱንም ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ቀስም ጠንከርም እያላችሁ ምቱ። ኮንታክቱ የቆሸሸ ቁልፍ ወይ ዝም ይላል ወይ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ይጮኻል። ይህ ብዙ ጊዜ በማጽዳት ይስተካከላል። በተኖቹን ሁሉ ተጫኑ። ተንሸራታቹን ከታች እስከ ላይ አንቀሳቅሱና ቁጥሩ ሳይዘል መሄዱን እዩ። ስክሪኑ ላይ የጠፋ ፊደል ካለ አስተውሉ። 16 ኖታ አንድ ላይ ያዙ፤ በእጅ ካቃታችሁ በፔዳል። አፍተርተቹ (ቁልፉን ይዞ ይበልጥ በመጫን ድምፅ መቀየሪያው) ግን ጠንካራ ጉልበት ይፈልጋል፤ ያ ተፈጥሮው ነው፣ ብልሽት አይደለም። ክብደቱ 14 ኪሎ አካባቢ መሆኑንም አትርሱ።

አብርቼው የድምፆቹ ስም የማይነበብ ምልክት ሆኗል። ተበላሽቷል?

ምናልባት ባትሪው አልቆ ነው። 32ቱን ድምፆች የሚጠብቀው ሲአር2032 የሚባል ክብ ባትሪ ነው። ብዙ ዓመት ይቆያል። ሲያልቅ ግን ድምፆቹ ይጠፋሉ ወይም ይዘበራረቃሉ። መሣሪያው ራሱ ደህና ነው።

አስቸጋሪው ነገር ባትሪው ቦርዱ ላይ የተበየደ መሆኑ ነው። ስታስቀይሩ መቀመጫ አስገጥሙለት፤ ቀጣዩ ቅያሪ የደቂቃ ሥራ ይሆናል። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ያላችሁን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። እኔ ይህን አላደረግሁም። ወራት የፈጀብኝ አንድ የዋሽንት ድምፅ ነበረኝ፤ በባትሪ ቅያሪ ቀን ጠፋ። ከዚያ በኋላ ደግሜ ሞክሬዋለሁ፤ ያችን ድምፅ ግን እስካሁን አላገኘኋትም። የባዶ ካርትሪጆቹም ነገር እንዲሁ ነው፤ በውስጣቸው የራሳቸው ባትሪ አለ።

ድምፅ ሲሞት ከኋላ ሹ የሚል ነገር ይሰማል። ብልሽት ነው?

በመጀመሪያው ሞዴል ላይ ከሆነ አይደለም። ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ቺፕ 12 ቢት ብቻ ነው። ያማሃ ይህንን ለማካካስ ጸጥ ያሉትን ክፍሎች በተለየ መጠን የሚያስተናግድ ዘዴ ጨመረበት። ቢሆንም ድምፁ እየደከመ ሲሄድ ትንሽ ሸካራነት ይቀራል። ቺፑ በሰከንድ 49,000 ጊዜ ያህል ይህን ሥራ ይሠራል። ስሌቱም አስገራሚ ነው። ማባዛት ጊዜ ስለሚፈጅ ሁሉንም ነገር በሎጋሪዝም ይዞ ማባዛቱን ወደ መደመር ይቀይረዋል። በ1983 ቺፕ 96 ኦፕሬተር ማንቀሳቀስ የተቻለው በዚህ ነው።

ያ ሸካራነት ለእኔ ጉድለት አይደለም። ቤዙ ላይ ጥርስ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ትውልድ 16 ቢት ሆኖ ሲጠራ ይህ ጠፋ። ዴክስድም ማርክ 1 የሚባል ምርጫ ያስቀመጠው ይህንን የሚወዱ ስላሉ ነው። ሹ የሚለው ድምፅ ያለማቋረጥ፣ ምንም ሳትነኩ ከተሰማ ግን ወይ ገመዱ ወይ የኃይል ክፍሉ ነውና ለባለሙያ አሳዩት።

ከኮምፒውተር ድምፅ ስልክለት አልቀበልም ይላል። ምን ላድርግ?

እጅግ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ይህ ነው። በቅደም ተከተል ሞክሩት። የውስጥ ሜሞሪ ጥበቃውን አንሡ፤ መሣሪያው በበራ ቁጥር ጥበቃው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ፈንክሽን ሞድ ውስጥ ገብታችሁ በተን 8ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሲስ ኢንፎ የሚል ይመጣል፤ አቬይል ላይ አድርጉት። እዚያው አጠገብ ያለው የሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ቻናልም 1 መሆኑን እዩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ጥፋቱ የዩኤስቢ ሚዲ ገመዱ ሊሆን ይችላል። 32 ድምፅ የያዘ ፋይል 4,104 ባይት ነው። ርካሽ ገመዶች እንዲህ ያለ ረጅም መልእክት ይቆራርጡታል። የመላኪያ ፍጥነቱን ቀንሱ ወይም ገመዱን ቀይሩ። ደግሞ አስታውሱ፦ አዲሱ ሲገባ ውስጥ ያሉት 32ቱም ይደመሰሳሉ። አንድ ድምፅ ብቻ ይተካል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ።

ኦክታቩ ለ12 እኩል ከሚከፈልበት ከተለመደው የፒያኖ ቅኝት ውጭ መቃኘት ይቻላል?

በመጀመሪያው ዲኤክስ7 አይቻልም። ሁለተኛው ትውልድ ግን ይህን ችሎታ ይዞ መጥቷል፤ እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ከፍ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ጆሯችሁ ከፒያኖ ቅኝት ውጭ ያለ ነገር የሚሻ ከሆነ ይህ ብቻውን ሁለተኛውን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

በዲኤክስ7 ኪቦርድ ሌላ ሲንተሳይዘር ሳጫውት ድምፁ ይደክማል። በሌላ ኪቦርድ ዴክስድን ስጫወት ደግሞ ጆሮ ይበሳል። ለምን?

ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ሚዲ የምት ጥንካሬን እስከ 127 ይቆጥራል። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ግን ቁልፉን የቱንም ያህል ብትመቱት ወደ 100 አካባቢ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ሌላው ሲንተሳይዘር ሙሉ ኃይል ደርሶት አያውቅም። በሚዲ የሚልከውም በቻናል 1 ብቻ ነው፤ ተቀባዩን ወደዚያ ማምጣት አለባችሁ።

የሁለተኛው ችግር መልስ የዚሁ ግልባጭ ነው። የፋብሪካው ድምፆች የተሠሩት በ100 ለሚያቆም ኪቦርድ ነው። ዛሬ ባለው ኪቦርድ 127 ስትመቱ ሞዱሌተሮቹ ሠሪዎቻቸው ካሰቡት በላይ ይከፈታሉ። ድምፁ ይሾላል። ሰውም ዲኤክስ7 ሸካራ ነው ብሎ ይደመድማል። ኪቦርዳችሁ ወይም ሶፍትዌራችሁ ላይ የምቱን ጣሪያ ወደ 100 አውርዱት። ከዚያ ኢ ፒያኖ 1ን ክፈቱና አንድ ኮርድ በጣም ቀስ ብላችሁ ንኩ። ቲንጓ እስክትመጣ ድረስ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ ደጋግሙት።